የጥንት ካርታ ስለ መግዛት

በጎጃም ጅጋ ተወልዶ ያደገ ሰው፥ የብርና የተምጫ ወንዞች በየሸለቆው ወርደው መጨረሻቸው ዓባይ መሆኑን ከልጅነቱ ስለሚያውቅ፥ በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ካሉት ትናንሽ የጥንት ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ የቀድሞ ካርታ በሚመርጥበት ጊዜ፥ ባለሱቁ ለክፈፉ የሚያዥጎደጉደውን ውዳሴ በትዕግሥት እየሰማ፥ ዓይኑን አስቀድሞ የሚያሳርፈው ዓባይ (ግዮን) ጎጃምን ከብቦ በሚዞርበት ስፍራ ላይ ነው።

በዚህ ፈተና የሚወድቁት ካርታዎች ብዙ ናቸው። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊዩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1573 ያሳተመው፥ የካህኑን ንጉሥ የዮሐንስን ግዛት ያሳያል የተባለው ካርታ፥ የበጥሊሞስን ትምህርት ተከትሎ ወንዙን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ታላላቅ ሐይቆች ያመነጨዋል፤ ነገር ግን ጌጡና ረጅሙ የላቲን ጽሕፈቱ ዓይን ስለሚማርክ ነጋዴዎች ውድ ዋጋ ይጠሩለታል። ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው ጀርመናዊው ምሁር ሉዶልፍ በ1683 ያወጣው ካርታ ግን ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ሲከብ ያሳያል፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ስላየ፥ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ኢየሱሳውያን አገሩን ስለ ሣሉት፥ ይልቁንም የአምሐራው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እስከ ጎታ ተጉዘው ስለ ሀገራቸው ስላስተማሩት ነው፤ ስለዚህም እኔ ያን ካርታ ከሉዶልፍ ይልቅ የአባታችን ድካም ፍሬ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ውሃው ከተመረመረ በኋላ የወረቀቱ ተራ ነው። ካርታው በእውነት በመዳብ ሰሌዳ የታተመ እንደ ሆነ፥ ሰሌዳው በማተሚያው ኃይል ስለ ተጫነ በሥዕሉ ዙሪያ ጣት የሚያገኘው ጎድጓዳ ጠርዝ ይተዋል፤ ከጨርቅ የተሠራው ወረቀትም ወደ ብርሃን ሲያነሡት የወንፊቱን የሽቦ መስመሮች ይገልጣል፤ በማጉያ መስተዋት ሲታይ ሥዕሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ከሆነ ግን የዘመናችን ቅጂ ነው። ከመዳብ ዝገት የተሠራ አረንጓዴ ቀለም ዘመን ሲረዝም ወረቀቱን ስለሚበላ፥ ጀርባውን ገልብጦ በአረንጓዴው ትክክል ቡናማ ጥላ ማግኘት፥ ቀለሙ ትናንት እንዳልተቀባ መልካም እማኝ ነው። በመካከሉ ያለው እጥፋት ነውር አይደለም፤ ካርታው ከመጽሐፍ እንደ ወጣ ያስረዳል። (ለዚህ ንግድ ሲባል የስንቱ መጽሐፍ ሆድ እንደ ተቀደደ ሳስብ እጄ ወደ ኪሴ ለመግባት ይከብደዋል።)

ይህ የወረቀት ምርመራ በሙሉ የሚቻለው ካርታው ከክፈፉ ሲወጣ ብቻ ነውና፥ አንባቢ ሆይ፥ ባለሱቁ መስተዋቱን አልከፍትም ካለህ፥ ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስልህ እንኳ አትግዛ።