የጭቃ ወታደርና የልጅነት ትዝታ

ሀስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ጂ.አይ. ጆ» የተሰኘውን የወታደር አሻንጉሊት እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ አወጣ፤ በ1982 ደግሞ ስሙንና ታሪኩን በማሸጊያው ጀርባ ጽፎ፥ ከማርቭል ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ጋር አቀረበው። በውጭ አገር ሳለሁ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባልንጀሮቼ ይህን በናፍቆት ሲያወሱ፥ «በአባያ ሐይቅ አጠገብ በምትገኘው በጫኖ ግን ወታደሩን ከጭቃ የሠራነው እኛው ነን፤ ታሪኩም የራሳችን ነበር» እያልሁ እመጻደቅ ነበር።

ይህን አባባሌን ዛሬ ራሴ እነቅፈዋለሁ። ጭቃው የእኛ ነው፤ ታሪኩ ግን በጎረቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ካየነው የዓድዋ ጦርነት (1888 ዓ.ም.) ሥዕል የተወሰደ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ይታያል፤ ወገን ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። እንግዲህ ወዳቂው ማን እንደሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ተቈርጧል፤ ከማሸጊያው ጽሑፍ በምን ይለያል?

የሚለየው በጭቃው ብቻ ይመስለኛል። ጭቃ የጎን ፊት የለውም፤ ዘወር ቢያደርጉት ሁለተኛው ዓይን ይገኛል። እኛም ጠላቱን ከወገን ለመለየት አንድ ዓይኑን በአውራ ጣታችን እንደፍነው ነበር።