ስም ያለው ፊት፦ ኤትየን ካርዣ፣ ራምቦና የእኛ ፎቶ ቤቶች

ዓለም ባለቅኔውን አርተር ራምቦን የሚያስታውሰው በአንድ ፎቶ ነው፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ክራቫቱ የተጣመመ፣ ዐይኑ ከካሜራው አልፎ ሌላ ቦታ የሚያይ ልጅ። ፎቶውን በ1871 መጨረሻ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ያነሳው ኤትየን ካርዣ ይባላል። ያ ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ሐረር ላይ ራሱ ካሜራ ያዘ። የሁለቱን ሰዎች ፎቶዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የሚታየው ልዩነት የሙያ ብቻ አይደለም። አንዱ ሰውን በስሙ ያነሳል፤ ሌላው የአገሬውን ሰው በሥራው ብቻ አስቀርቶታል።

ካርዣ በ1828 ፋረን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ፓሪስ ገብቶ መጀመሪያ የለመደው ሙያ ለሐር ጨርቅ ጥለት መንደፍ ነበር። ይህን ጋሞ ውስጥ ሆኖ ለሚያነብ፣ የዶርዜ ሸማኔ እጅ ሲሠራ ላየ ሰው፣ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ጥለት የሚያወጣ ሰው የትኛው መስመር ዐይን እንደሚይዝ፣ የቱ ቦታ ነጭ ሆኖ መቅረት እንዳለበት ያውቃል። ከጥለት ወደ ካርቱን ተሻገረ። የጸሐፊዎችንና የተዋንያንን ግዙፍ ራስ በኩርማን ገላ ላይ እየተከለ ፓሪስን አሳቀ፤ በ1856 ከጓደኞቹ ጋር «ለ ዲዮዤን» የተባለ ጋዜጣ መሠረተ፣ በኋላም «ለ ቡልቫር»ን አቋቋመ። ፎቶ ማንሳትን በ1858 ከፒየር ፐቲ ተምሮ በ1861 በላፊት መንገድ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ።

ከካርቱን ወደ ካሜራ በመሻገር ናዳር ቀድሞታል። ናዳር በፊኛ ወጥቶ ከሰማይ፣ በኤሌክትሪክ ብርሃን ወርዶ ከመሬት በታች ፎቶ ያነሳ ሰው ስለሆነ ዝናው ሁሉን ሸፍኗል። ለፊት ብቻ ከሆነ ግን እኔ ካርዣን አስቀድማለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። ካርቱን ስም የሌለውን ሰው መሳል አይችልም። አንባቢ የሚስቀው አፍንጫው ስለተጋነነ ሳይሆን የማን አፍንጫ እንደሆነ ስላወቀ ነው። ካርዣ ይህን ግዴታ ይዞ ወደ ፎቶ ቤት ገባ። በ1854 ፎቶ አንሺው ዲስዴሪ ትናንሽ የጉብኝት ካርድ ፎቶዎችን በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ የፓሪስ ባለ ፎቶ ቤቶች ደንበኛቸውን ከምሰሶና ከመጋረጃ ፊት እያቆሙ ሁሉንም ባለጸጋ ያስመስሉ ነበር። (የእኛ አገር ፎቶ ቤቶች ፏፏቴና ቪላ የተሳለበት መጋረጃ ከዚያው ዘር ነው።) ካርዣ ምሰሶውን አውጥቶ ጣለ። ካርዣ ያነሳውን የባለቅኔውን የሻርል ቦድሌርን ፎቶ እንመልከት፤ ከጀርባው ምንም የለም፣ ከንፈሩ ገጥሟል፣ ዐይኑ ተመልካቹን ሊጣላ የመጣ ይመስላል። ያን ጊዜ የመስተዋቱ ሰሌዳ በኬሚካል ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተነስቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። ተነሺው ለሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ግድ ይለዋል። ቦድሌር በ1859 ፎቶግራፍን ክፉኛ የዘለፈ ሰው ነው፤ ለካርዣ ግን ተቀመጠለት።

ከራምቦ ጋር የነበረው ወዳጅነት ብዙ አልቆየም። በ1872 መጀመሪያ፣ በአንድ የባለቅኔዎች እራት ላይ፣ የሰከረው ራምቦ ሰይፍ በተደበቀበት ከዘራ ካርዣን አቆሰለው። ካርዣም የልጁን ሰሌዳዎች አጠፋ ይባላል። የታወቀው ፎቶ ዛሬ የሚታየው በቅጂ ነው።

ወደ ሐረር እንምጣ። ከተማዋ በግብፆች እጅ በነበረችበት በ1883 ራምቦ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን ሦስት ጊዜ አነሳ፤ አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና ተክል መካከል፣ አንዱን እጁን አጣምሮ በሙዝ ተክል ውስጥ። ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ፎቶዎቹ የነጡት ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሏል። እውነትም ፊቱ አይለይም፤ የአርባ ምንጭ ሰው ከባለቅኔው ይልቅ ሙዙን ቀድሞ ያያል። የንግድ ባልደረባውን ግሪካዊውን ሶቲሮንም አንስቷል፤ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። ሌላው ፎቶ መሬት ላይ ተቀምጦ የቡና ማቅ ከቆዳ የሚሠራ ሐረር ውስጥ የሚኖር ሰው የሚታይበት ነው። ያ ሰው ለዓለም «ማቅ ሠሪው» ሆኖ ቀረ። ራምቦ ስለ ሐረርና ስለ ኦሮሞ አገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ለማዘጋጀት አስቦ ነበር፤ ለዚያ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ናሙና እንጂ ሰው አልነበረም።

ይህ ዐይን ከራምቦ ጋር አልሞተም። ስለ ጋሞ የታተሙትን ፖስትካርዶችና የቱሪዝም በራሪ ወረቀቶች ማየት ይበቃል፦ «የዶርዜ ሸማኔ»፣ «የዶርዜ ቤት»፣ «እንሰት የምትፍቅ ሴት»። ማን ትባላለች? በተቃራኒው ተመራማሪዋ ጁዲት ኦልምስቴድ በ1997 ያሳተመችው መጽሐፍ በጋሞ የዲታዋን ባላባት ቺማቴ ቹምባሎን በስሟ፣ በቃሏና በሕይወቷ ታሪክ ያቀርባል። ካሜራ ሳይሆን ብዕር ነው፤ ሆኖም ከፖስትካርዶቹ ሁሉ ይልቅ ለካርዣ ሥራ የሚቀርበው እሱ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚበዙባት የአርባ ምንጯ ሴቻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፊት አላት። ፎርም የሚሞላ ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል፤ ስምም ከጀርባው ይጻፋል። እዚህ ስሙ አለ፣ ሰውየው ግን አንገቱን አቅንቶ ደርቋል። በአሮጌ አልበሞች ውስጥ የምናገኘው የፎቶ ቤት ፎቶ ግን ሁለቱንም ይዟል፤ ሙሽሮች፣ ወታደር ልጅ፣ አዲስ ጫማ ያደረገ ተማሪ፣ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ስምና ቀን በእስክሪብቶ የተጻፈበት። የእኛ የቁም ፎቶ ታሪክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነገሥታቱን ባነሳው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ብቻ ከተጻፈ እነዚህ ሁሉ ይወድቃሉ።

ካርዣ በ1906 ሞተ፤ የመስተዋት ሰሌዳዎቹ በ1923 ተሸጠው የት እንደገቡ አልታወቀም። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የባህል ተመራማሪዎች በሴቻና በሲቀላ የድሮ ፎቶ ቤቶች ባለቤቶች ዘንድ የቀረ ኔጋቲቭ ካለ ሳይጣል ይሰብስቡ፤ ባለቤቶቹም በሕይወት ሳሉ በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ይጠየቁ፣ ስሙም ይመዝገብ።