ለኩላሊት እጥበት የደም ሥር መመሪያው ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሲታይ

የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን ለዲያሊሲስ ስለሚዘጋጅ የደም ሥር ያወጣውን የ2006 መመሪያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) አሻሽሏል። ፊስቱላን ለሁሉም ከማስቀደም ይልቅ ለእያንዳንዱ ታካሚ የዘመን እቅድ እንዲነደፍ መጠየቁ የሚያስመሰግነው ነው።

ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው ከአዲስ አበባ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁት በወልቂጤና በቡታጅራ ሲነበብ ነው። የጠበበን ሥር በፊኛ የሚያሰፋ ባለሙያ በቅርብ እንዳለ አድርጎ ይነሣል፤ እንዲህ ያለውን ርቀት መነሻው አላደረገም።

ይሁንና በጤና ጣቢያ የሚተገበረው ክፍል ጥቂት አይደለም። ኩላሊቱ እየደከመ የሄደ ታካሚ የክንዱ ሥሮች እንዲጠበቁለት፣ ደም ሲቀዳም የእጅ ጀርባ እንዲመረጥ፣ በሰብክላቪያን ሥር የሚገባ ካቴተርም በመጨረሻ እንዲታሰብ ያሳስባል። የፊስቱላን የደም ፍሰት በመሣሪያ አዘውትሮ ለመለካት በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ የሚመክረው መደበኛ አካላዊ ምርመራን ነው። ንዝረቱን በጣት መዳሰስና ድምፁን በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ነርስም ጤና መኮንንም የሚችሉት ነው። ንዝረቱ የጠፋበት ታካሚ ሌላ ቀጠሮ ሳይሰጠው በዕለቱ ሊላክ ይገባል። ካቴተር ያለው ታካሚ ሲያተኩሰውና ሲያንቀጠቅጠው፣ የወባ ምርመራው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ በካቴተሩ የገባ የደም ኢንፌክሽን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ስለዚህ የመመሪያው ጉድለት በትርጉም ብቻ አይሟላም። የትኛው እርምጃ በጤና ጣቢያ፣ የትኛው በከተማው ሆስፒታል፣ የትኛው በአዲስ አበባ እንደሚፈጸም፣ ታካሚውም በስንት ሰዓት ውስጥ መድረስ እንዳለበት የሚለይ አጭር ሠንጠረዥ ሊታከልበት ይገባል።