የተሰበረ ብሎን የሚያወጡ እጆች

የመካኒክን ችሎታ ብዙ ሰው የሚለካው ሞተር ሲያስነሳ ነው። እኔ የምለካው የተሰበረ ብሎን ሲያወጣ ነው። ሞተር የሚነሳበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዳንዴ በዕድልም ይነሳል። ቴስታታ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ስምንት ሚሊሜትር ብሎን፣ የቀዳዳው ጥርስ ሳይጎዳ፣ በዕድል ወጥቶ አያውቅም። በዚህ ሥራ ጅግጅጋ ውስጥ ያየኋቸው እጆች፣ ከየትኛውም ትልቅ ከተማ እጅ ጋር ቢወዳደሩ አያፍሩም።

ብሎን በዚያ አገር አለምክንያት አይሰበርም። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ጎማው አርጅቶ ግፊት መያዝ ሲያቅተው፣ ወደ ሐረር የሚሄድ የተጫነ መኪና በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ስሙ የገነነውን የካራማራን ተራራ ሲወጣ ይፈላል። ሾፌሩ ያገኘውን ውሃ ይጨምራል። ከቀብሪበያህ እስከ ሐርቲሼክ ባለው ሜዳ የሚገኘው ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢርካ በሚባል ገንዳ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ለሰውና ለከብት ተብሎ የተጠራቀመ ውሃ ዝገት የሚከላከል ነገር የለውም። ይህ ውሃ የሚያልፍበት የቴርሞስታቱ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኑ ብረት ነው። ሁለቱ በእርጥበት መሐል ለዓመታት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ብሎኑም ከቤቱ ጋር አንድ ይሆናል።

ታዲያ መኪናው ደጋግሞ የፈላበት ሰው፣ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ ነው ሲባል ሰምቶ፣ በገዛ ግቢው ቁጥር 12 ቁልፍ ይዞ ይጎነበሳል። መኪናው ምናልባት በአካባቢው ብርቱ የሚባለው ላንድ ክሩዘር፣ ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቀውን ባለስድስት ሲሊንደርና 4,164 ሲሲ ዋን ኤች ዜድ ሞተር የያዘው ነው። አንዱ ብሎን ይፈታል። ሁለተኛው እምቢ ይላል። ሰውዬው ቁልፉ ላይ ቧንቧ ይሰካና ይጫናል። ድንገት እጁ ላይ ይለሰልሳል፤ ተፈታ ብሎ ደስ ይለዋል። የወጣው ግን የብሎኑ ራስ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። የሚያከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ጥድፊያ ነው። ውስጥ የቀረውን የብሎን ጉማጅ በትራፓኖ ሲበሳ ፑንታው ከጠንካራው ብሎን ላይ ይንሸራተትና ለስላሳውን የቴስታታ ብረት ይበላል። ወይም ከገበያ የገዛውን ባለ ግራ ጥርስ ብሎን ማውጫ ይሰካና እሱንም እዚያው ውስጥ ይሰብረዋል። ማውጫው ተራ ፑንታ የማይበሳው ብረት ስለሆነ፣ አሁን በአንድ ችግር ፋንታ ሁለት አለ።

ባለሙያው ሲጠራ መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል።

«አዴር፣ ብሎን ተሰበረብኝ።»

«በመዶሻ ነክተኸዋል? ከተሰበረ በኋላስ ምን ሞከርክ?»

ጥያቄው ለወቀሳ አይደለም። ጉማጁ ምን እንደደረሰበት ካላወቀ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ያጸዳዋል፣ ናፍታ ያንጠባጥብበታል፣ ይተወዋል። የጅግጅጋ ነፋስ አቧራ ስለሚያመጣ፣ የተከፈተውን የውሃ መንገድ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፍነዋል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ገመድ ይፈታል፤ የብየዳውንም መሬት እሻሲው ላይ ሳይሆን እዚያው ቴስታታው ላይ፣ ለጉማጁ ቅርብ አድርጎ ይነክሰዋል። ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ኩሽኔታዎች በኩል መንገድ እንዳይፈልግ ነው። ማንም የማያየውን ይህን ጥንቃቄ ሳይ ሰውየውን አምነዋለሁ።

ብየዳው ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። መጀመሪያ ሮንዴላ ጉማጁ ላይ ያስቀምጣል፤ ቀዳዳዋ ጉማጁን አሳይታ ዙሪያውን ትሸፍናለች። 2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮዱን ከጉማጁ መሐል ይጀምርና በቀስታ ወደ ዳር ያዞረዋል፤ ግድግዳውን አይነካም። ተራ ኤሌክትሮድ ቀልጦ የተቀዳ ብረት ላይ በደንብ አይይዝም፤ ይህን ድክመት እሱ ለራሱ ጥቅም ያውለዋል። ሮንዴላዋ ስትይዝ በላይዋ ዳዶ ደርቦ የዳዶውን ሆድ በብየዳ ይሞላል። የተሰበረው ብሎን አዲስ ራስ አገኘ።

የሚገርመው ግን ራሱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ ከመጠኑ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ያብጣል። ስምንት ሚሊሜትር ጉማጅ በ500 ዲግሪ ሲግል የሚያብጠው 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም። በዙሪያው ያለው ትልቁ ብረት ያን ያህል ስላልጋለ አይለቅለትም። ጉማጁ ታፍኖ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሸሻል፤ በመሐል ያለው ዝገት ይሰነጠቃል። የዓመታት ዝገት የሚሸነፈው በዚያች ከወረቀት በሳሳች እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ቀዩ ብረት ላይ ቁልፍ አያስገባም። ቀይነቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ሙቀቱ ገና እያለ የሻማ ሰም ከሥሩ ያስነካዋል፤ ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መሐል ይሰርጋል። ከዚያ ቁልፉን ያስገባና የሚጀምረው በማጥበቅ ነው፤ በጣም ትንሽ፣ ለመንካት ያህል። ቀጥሎ ወደ መፍቻው። እንደገና ወደ ማጥበቂያው። ክንዱ አይሠራም፤ አንጓው ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ቦታ ላይ «ጭር» የሚል ደረቅ ድምፅ ይወጣል፤ ባለሙያው ግን ድምፁን ተከትሎ አይቸኩልም። ሩብ ዙር ከሄደ ግማሹን ይመልሳል፤ የተፈጨው ዝገት ፊት ለፊት ተከማችቶ እንዳይቆልፈው። ብየዳው ቢላቀቅ ሌላ ዳዶ አንስቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ፊቱ አይለወጥም።

ብየዳ እምቢ ሲል መብሳት ይመጣል። የስምንት ሚሊሜትር ባለ 1.25 ጥርስ ወሰን 6.8 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ፑንታ የቀዳዳውን ጥርስ ይበላል። ጎበዝ ሰው በ3 ሚሊሜትር ይጀምርና በየደረጃው ያሳድጋል፤ መሐሉን ካገኘ የቀረውን ስስ ቆዳ በሹል ብረት ገፍፎ ያወጣዋል። መሐሉን መሳት የሚፈቀደው ለግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን በእጅ ትራፓኖ፣ በተጎነበሰ ወገብ፣ ሞተሩ ሳይወርድ መሥራት ከባድ ነው። ትልቅ የቶርኖ ማሽን ያለው ሰው ሥራውን ወደ ማሽኑ ያመጣል። ለምሳሌ በድሬዳዋ፣ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰው ባቡር ጋር የተተከለው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለሎኮሞቲቭ የሚሆን ዕቃ ራሱ እየቀረጸ ባቡሩን ለብዙ አሥርት ዓመታት አቆይቷል። የዚያን ወርክሾፕ ሰዎች አከብራለሁ። የጅግጅጋው ሰው ግን ማሽኑም መለኪያውም እጁ ነው።

ጉማጁ ሲወጣ ጥርሱ ከነቡናማ ዝገቱ ሙሉ ነው። ባለሙያው ቀዳዳውን በጥርስ ማውጫ ያጸዳል፤ አይቆርጥም፣ ያጸዳል ብቻ። ከዚያ ያው ስምንት ሚሊሜትር አዲስ ብሎን በጣት ዞሮ ይገባል። መጠን ከፍ አልተደረገም፤ ቀዳዳው አልሰፋም፤ ቁልፉም ያው 12 ነው። ነገ ሌላ መካኒክ ያንን ክዳን ሲከፍት እዚህ ቦታ አንድ ነገር ሆኖ ነበር ብሎ የሚጠረጥርበት ምልክት የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ስም አያስጠራም፤ ለዚህ ነው ስለእሱ መጻፍ የፈለግሁት።

መኪናህን በራስህ የምትፈታ ከሆነ ፍታ፤ መልካም ነገር ነው። ብሎኑ እምቢ ሲልህ ግን ቧንቧውን አትሰካ። ከተሰበረም እዚያው አቁም፤ ትራፓኖውን አስቀምጥና ባለሙያውን ጥራ፤ ያደረግከውንም ሁሉ ሳትደብቅ ንገረው። ዋጋ ሲጠራ ደግሞ «ለአንድ ብሎን?» አትበለው። የምትከፍለው ለቴስታታው ነው።