«ቻለችው»

ልጇ አእምሮው ከታወከ አስር ዓመት ያለፋት እናት እንሰቷን ፍቃ፣ ልጇን አጥባ፣ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ስናይ «ኧረ ቻለችው!» እንላለን። አማርኛችን እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ይሠራል። «ቻለ» አቅም ኖረው ማለትም ነው፣ ተሸከመ ማለትም ነው። ስለዚህ ምንም አቅም የሌላት ሴትም «ትችላለች»። ባለሙያዎች «ጽናት» ብለው ሲጽፉም ይኸው ብዥታ ተከትሏቸው ይገባል።

ስለ ቡታጅራና አካባቢዋ አስታማሚዎች የተጻፈውን ሳነብ የሚከነክነኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት 178 የሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀዋል። 75 በመቶዎቹ መገለል እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶዎቹ በቤታቸው ሕመም መኖሩን መደበቅ ፈለጉ። ቁጥሩን አልጠላውም፣ እንዲያውም ለቤተሰቡ ጆሮ የሰጠ ሥራ ነው። ግን «እንዴት ነሽ?» ሲባል «ተመስገን»፣ «አልሀምዱሊላህ» ብሎ መመለስ ወግ በሆነበት አገር ይህን ያህል ሰው በደሉን ከተናገረ፣ በሆዱ ያስቀረው ምን ያህል ይሆን? መደበቅ የሚፈልግ ሰው ከጠያቂውስ ለምን አይደብቅም?

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን ላውራ አሸርና ባልደረቦቿ ከሶዶ ወረዳ ይዘው የመጡት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጽሑፍ ነው፤ ስለ ሰንሰለት ነው። አንባቢው «ጨካኝ ቤተሰብ!» ብሎ እንዲገላገል አይፈቅድም። ቤተሰቡ የሚያስረው ታማሚው እንዳይጎዳና ሰው እንዳይጎዳ ሰግቶ ነው፤ አንዳንዴም ሐኪም ቤት ለማድረስ። ከጀርባው ያለው ደግሞ በአቅም የሚገኝ ሕክምና መጥፋቱ ነው። ገመዱን የቋጠረው እጅና ቆጮውን የሚያጎርሰው እጅ አንድ ነው። «ጽናት» የሚለው ቃል ይህን እጅ መሸከም ያቅተዋል፤ ማወደስ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሴትዮዋ ጠንካራ ናት ካልን በኋላ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ለምን አለቀ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርማ!

እኔ ገና ተጽፎ ማየት የምፈልገው የመስቀልን ሰሞን ነው። አዲስ አበባ የሚነግደው ወንድም ለክትፎው አገሩ ሲገባ፣ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ፣ የታመመው ልጅ የት ነው የሚያድረው? ወንድምየው ብር ጥሎ ሲመለስስ፣ በሚቀጥለው ወር መድኃኒቱን ለማምጣት እናትየው ልጁን ለማን ትታ ትሄዳለች?