ብዩን የጣለችው ልጅ

ስለ «ስኩዊድ ጌም» ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በወጣቶች ኅብረት ይህ ተከታታይ ድራማ ሲነሣ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ማየት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ድራማው ስለ እኛ ስለ አማኞች የሚለውን እንድትሰሙ እወዳለሁ። ያላያችሁት፣ ታሪኩን እንደምገልጥ እወቁ።

ደቡብ ኮሪያዊው ሁዋንግ ዶንግ-ህዩክ የጻፈውና ያዘጋጀው የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2021 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ ቀረበ፤ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። ዕዳ ያጎበጣቸው 456 ሰዎች የልጅነት ጨዋታ እንዲጫወቱ ይጋበዛሉ። የተሸነፈ ይሞታል፤ ያሸነፈ 45.6 ቢሊዮን ዎን ይወስዳል። ለአንድ ነፍስ 100 ሚሊዮን ዎን ተተምኗል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ክፍል ልብ በሉ። ከመጀመሪያው ጨዋታ የተረፉት 201 ሰዎች ድምፅ ሰጥተው በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ብዙም ሳይቆይ 187ቱ በገዛ እግራቸው ይመለሳሉ። ገንዘብ ጌታ ሲሆን በሩ ክፍት ሆኖም ሰው እስረኛ እንደሚሆን ከዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ትዕይንት አላየሁም።

የድራማው ልብ ግን ስድስተኛው ክፍል ነው። ተጫዋቾቹ የሚቀርቡትን ሰው አጣማሪ አድርገው ይመርጣሉ፤ ከዚያ ብይ እንደሚጫወቱና ከሁለቱ አንዱ እንደሚሞት ይነገራቸዋል። የተማረው ሳንግ-ዉ፣ የሚያምነውን ፓኪስታናዊ ስደተኛ አሊን በብዩ ፈንታ ጠጠር አስይዞ ያታልለዋል። የምንወደው ዋና ገጸ ባሕርይ ጊ-ሁን እንኳ፣ ትዝታው የተምታታበት የመሰለውን አዛውንት ይዋሻል። ጂ-ዮንግ ግን ወንድሟን ከሕፃናት ማሳደጊያ ለማውጣት ለምትታገለው ለሴ-ብዮክ ስትል ብይዋን ሆን ብላ ከእጇ ትጥላለች።

ይህች ልጅ ማን ናት? የመጋቢ ልጅ ናት። አባቷ በደል የፈጸመባትና እናቷን የገደለ ሰው ነበር። በዚያው ቦታ ጮክ ብሎ የሚጸልይ አንድ ተጫዋችም አለ፤ ጸሎቱ ግን ለጎረቤቱ ሕይወት ግድ አይሰጠውም። እርሷም ትሣለቅበታለች። «ክርስቲያኖችን ሊሰድቡ ነው» ብለን መቆጣት እንችላለን። እኔ ግን በሉቃስ 10 ያለውን ታሪክ አስታወስሁ። በዚያም ካህኑና ሌዋዊው አልፈው ሄደዋል፤ የቆመው ያልተጠበቀው ሰው ነበር። ጌታ ራሱ እንዲህ ያለ ታሪክ ከተናገረ፣ ከኮሪያ የመጣውን ወቀሳ ለመስማት ለምን እንፈራለን?

ቢሆንም ድራማው የሚጎድለው አለ። ጂ-ዮንግ የሞተችው ስለ ወደደች ብቻ አይደለም፤ የምትኖርለት ነገር እንደሌላት ስላመነችም ነው። ፍቅርና ተስፋ መቁረጥ ተደባልቀውባታል። ድራማው ይህን ውብ አድርጎ ያልፈዋል። ወንጌል ግን የእርሷም ሕይወት ዋጋ እንዳለው ይናገራል። ይህን ሊነግራት የሚገባው አባቷ ነበር። ከመካከላችሁ እንደ እርሷ የሚሰማው ካለ ብቻውን አይሸከመው፤ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ደሙ ብዙ ነው፤ ለታናናሾቻችሁ አታሳዩ። ለእኛም አደጋ አለው። በወርቃማ የእንስሳ ጭምብል ተሸፍነው በሰው ሞት የሚወራረዱት ባለጠጎች ትወናቸው ደካማ ቢሆንም መስተዋት ናቸው፦ እኛም ሶፋ ላይ ተቀምጠን «ቀጥሎ ማን ይሞታል?» ስንል ከእነርሱ አጠገብ ተቀምጠናል።

እንግዲህ በቀጣዩ ኅብረታችሁ «ማየት ይፈቀዳል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ይህን ተጠያየቁ፦ ጂ-ዮንግ እሑድ ዕለት ወደ አጥቢያችን ብትገባ፣ ከማን አጠገብ ትቀመጥ ነበር?