«የወንዝ ዳሩ ሆስፒታል»፦ የመጽሐፍ ሂስ

የአውስትራሊያዊቷ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም የዶ/ር ካትሪን ሐምሊን የሕይወት ታሪክ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲዋ ከባለቤታቸው ከዶ/ር ሬጂናልድ ጋር በ1959 አዋላጆችን ለማሠልጠን በሦስት ዓመት ውል አዲስ አበባ ገቡ፤ በ2020 ያረፉትም እዚሁ ነው።

መጽሐፉ ለጤና ባለሙያ ያለው ትልቁ ዋጋ፣ በባዕድ ባህል መካከል መሥራት ማለት ማከም ብቻ ሳይሆን ሙያን ማውረስም መሆኑን ማሳየቱ ነው። በፊስቱላ ታመው የመጡት ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼ የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ በኦፕራሲዮን ክፍል ተምረው የተካኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን መብቃታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ጉድለቱም ከተራኪዋ ማንነት ይመነጫል። የታካሚዎቹ ሰቆቃ በሐኪሟ አንደበት ስለሚነገር፣ እናቶቹ ስለ ምጣቸው፣ ስለ ትዳራቸውና ስለ መንደራቸው የሚሉት በቀጥታ አይሰማም። አንባቢም መፍትሔውን ከደግ ሐኪም እጅ ብቻ እንዲጠብቅ ይገፋፋል። ፊስቱላ ግን በአብዛኛው በወቅቱ ያልታከመ የታገደ ምጥ ውጤት ነው፤ መከላከያውም የሠለጠነ አዋላጅ፣ መንገድና በጊዜው የሚደረግ ኦፕራሲዮን ነው።

ደራሲዋም ይህን አልሳቱትም። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ፣ በ2007፣ በስማቸው የሚጠራው የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። በ1959 የመጡበትም ጉዳይ ይኸው ነበር።